«እንዲህ ባለ ቤት የሚኖሩት ማን ናቸው?» የዝነኛ ሰው ቤት አሳይቶ ባለቤቱን የማስገመት ጨዋታ እንዴት ይዘጋጃል?

ጨዋታው ለሚያየው ሰው ቀላል ነው። ካሜራ ወደ አንድ ዝነኛ ሰው ቤት ይገባል፤ ሳሎኑን፣ ማድ ቤቱን፣ የመጻሕፍት መደርደሪያውን ያሳያል። ባለቤቱ ግን አይታይም። ስቱዲዮ የተቀመጡ ሦስት ወይም አራት ገማቾች ያዩትን ይዘው «የማን ቤት ነው?» እያሉ ይሟገታሉ። በመጨረሻ ባለቤቱ ከመጋረጃ ጀርባ ብቅ ይላል።

ይህን መልክ ያስያዘው «ስሩ ዘ ኪሆል» የተባለው የብሪታንያ ፕሮግራም ነው፤ «በቁልፍ ቀዳዳ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ቲቪ-ኤኤም በተባለው የጠዋት ጣቢያ ላይ በአጭር ክፍልነት ተጀመረ፤ በ1987 ራሱን ችሎ በአይቲቪ መታየት ያዘ። ስቱዲዮውን የሚመራው ዴቪድ ፍሮስት ነበር፤ ቤት ለቤት የሚዞረው ደግሞ ሎይድ ግሮስማን። ግሮስማን ጉብኝቱን ሲጨርስ «እንዲህ ባለ ቤት ማን ይኖር ይሆን?» ብሎ ተራውን ለዴቪድ ይለቅ ነበር፤ አነጋገሩም የፕሮግራሙ መታወቂያ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኮሜዲያኑ ሊ ፍራንሲስ ኪት ለሞን በተባለው ገጸ ባሕርዩ ፕሮግራሙን ዳግም ይዞት መጣ። በዚህኛው መልክ አስጎብኚውም የስቱዲዮው መሪም አንድ ሰው ነበር። የቱን እንደምትከተሉ አስቀድማችሁ ወስኑ። ግሮስማን ቤቱን እንደ መርማሪ በቁም ነገር ነበር የሚያየው፤ ኪት ለሞን ደግሞ እያሾፈና እየነካካ። ለጀማሪ ሥራውን ለሁለት ሰው መክፈል ይሻላል። አስጎብኚው የተናገረው አንዴ ተቀርጾ አልቋል፤ የስቱዲዮው መሪ ዓይኑ ከገማቾቹ ፊት ሳይነሣ ፍጥነቱን መቆጣጠር ይችላል።

አዘጋጆች አብዛኛውን ጊዜ ጉልበታቸውን ቀረጻው ላይ ያፈሳሉ። ጨዋታው የሚያምረውም የሚበላሸውም ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ከቤቱ ምን እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚቀር፣ የቀረው ደግሞ በምን ቅደም ተከተል እንደሚታይ ሲወሰን። ስለዚህ እዚህም ሰፊው ቦታ ለዚያ ተሰጥቷል።

ባለቤቱን መምረጥ

ዝና ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ ስሙን ፈትኑት። በዕድሜም በሙያም ለማይመሳሰሉ አምስት ሰዎች ስሙን ጥሩላቸውና ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁ። አራቱ ሳያስቡ ከመለሱ ይሆናል። ሁለቱ ብቻ ካወቁ፣ በዕለቱ መጋረጃው ሲከፈት ገማቾቹ በጨዋነት ያጨበጭቡና ዙሩ እዚያው ይሞታል።

ቀጥሎ የሚፈተነው ቤቱ ነው። ብዙ ዝነኛ ሰው ቤቱን ለዲዛይነር አስረክቦ ሆቴል አስመስሎታል፤ ነጭ ግድግዳ፣ ግራጫ ሶፋ፣ ማንም ገልጧቸው የማያውቅ ትልልቅ መጻሕፍት። ያማረ ቤት ሁሉ የሚናገር ቤት አይደለም። ካሜራ ሳትይዙ አንድ ሰዓት ያህል ዙሩና ስለ ሰውየው አንዳች ነገር የሚናገሩ 12 ዕቃዎች ጻፉ። 12 ካልሞላ ሌላ ቤት ፈልጉ። ከ12ቱ መካከል አንዳንዱ ለካሜራ አይመችም፤ አንዳንዱን ባለቤቱ አይፈቅደውም፤ አንዳንዱ መልሱን በግልጽ ያወጣል። በመጨረሻ ሰባት ያህል ይተርፋችኋል፤ የሚያስፈልጋችሁም ይኸው ነው።

የቀረው ከገማቾቹ መካከል ያንን ቤት የሚያውቅ አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። በስም ለይታችሁ «እገሌ ቤት ገብተህ ታውቃለህ?» ካላችሁ መልሱን ነገራችሁት ማለት ነው። የ20 ታዋቂ ሰዎች ስም ዝርዝር ስጡና ቤታቸው የገባችሁትን፣ ዘመድ ወይም የቅርብ ወዳጅ የሆናችሁትን አስምሩበት በሉ። ትክክለኛው ስም ከ20ዎቹ አንዱ ይሁን፤ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ግን አይቀመጥ።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን

የሰው ጓዳ ውስጥ ነው የምትገቡት። የሚቀረጹት ክፍሎች፣ የማይነኩት ዕቃዎችና ሊቀለድባቸው የማይገባቸው ነገሮች ተጽፈው ይፈረሙ። ፊርማው የዝነኛው ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የሚኖር አዋቂ ሁሉ መስማማት አለበት። የልጆች መኝታ ቤት ባይቀረጽ ይመረጣል። ባለቤቱ ኤዲት የተደረገውን ፊልም ሳይታይ በፊት አይቶ «ይህ ይውጣ» የማለት መብት ይኑረው። ይህን መብት ቀድማችሁ ስትሰጡ ሰዎች ብዙ በር ይከፍቱላችኋል፤ ፊልሙ ሲደርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስወጡት ጥቂት ነው።

ከደኅንነት አንጻር የማይታዩ ነገሮች አሉ፦ የቤት ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ፣ የማንቂያ ደወሉ ሰሌዳ፣ የጥበቃ ካሜራዎች ያሉበት ቦታ፣ የበር ቁልፎች፣ ካዝና፣ በመስኮት በኩል የሚታይ የሚታወቅ ሕንፃ ወይም ተራራ። ከዋናው በር እስከ መኝታ ቤት ሳይቋረጥ የሚሄድ ቀረጻም ይቅርባችሁ። ለተመልካች ቤት ማሳየት ነው፤ ለሌባ ግን የቤቱ ካርታ ነው። ክፍሎቹን በኤዲት ጊዜ አፈራርቁ፤ ማድ ቤቱ ከሳሎኑ በስተግራ ይሁን በስተቀኝ ማንም ማወቅ የለበትም።

ጽዳት

ጽዳት ሲባል አቧራ ማራገፍ አይደለም፤ መልሱን በቀጥታ የሚናገረውን ሁሉ ከካሜራ ፊት ማንሣት ነው። ከቀረጻው ቀን በፊት ግማሽ ቀን መድቡለት።

አንድም ዕቃ ሳይነካ እያንዳንዱን ክፍል ከአራቱ ማዕዘን አንሡት፤ መደርደሪያውን ሁሉ ደግሞ ለየብቻ። እነዚህ ፎቶዎች ማታ ዕቃው ወደ ቦታው ሲመለስ የሚታመኑ ብቸኛ ምስክሮች ናቸው። የሚነሣው ዕቃ በየክፍሉ ስሙ በተጻፈበት ካርቶን ይግባ፤ ካርቶኑም ከዚያው ክፍል አይውጣ።

የቤተሰብ ፎቶ፣ የምስክር ወረቀት፣ ስም የተቀረጸበት ዋንጫ ማንም አይረሳም። የሚያጋልጡት ትንንሾቹ ናቸው። የማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈ የሠርግ ጥሪ። የውሻው ስም የተጻፈበት ሳህን፤ ባለቤቱ ውሻውን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያሳይ ከሆነ ይህ ከፎቶ አይተናነስም። የመድኃኒት ዕቃ ላይ ያለ ስም። የፊደል ጥልፍ ያለበት ፎጣ። ቀጠሮ የተጻፈበት የግድግዳ ካላንደር። የዋይፋይ ሳጥን ላይ የተለጠፈ ወረቀት። ደራሲ ከሆነ ደግሞ የገዛ መጽሐፉ፤ ከአንድ መጽሐፍ ስምንት ቅጂ የሚያስቀምጥ ከጸሐፊው በቀር ማን አለ? አንዱን ቅጂ ተውት፤ ሰባቱን አንሡ።

ግድግዳውን ለይታችሁ እዩ። ለዓመታት የተሰቀለ ፎቶ ሲወርድ ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ከነምስማሩ ይቀራል። ንቁ ገማች እሱን ካየ «እዚህ ትልቅ ፎቶ ነበር፤ ራሱን የሚሰቅል ሰው ነው» ይላል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። ቦታውን ከዚያው ቤት በመጣ ሥዕል ሸፍኑት። ከውጭ የመጣ ሥዕል አይሰቀልም፤ ምክንያቱን ትንሽ ቆይተን እናገኘዋለን።

ከዚያ ነጸብራቅ አለ። መስተዋት፣ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ የምድጃ በር፣ የሚያብረቀርቅ ማንቆርቆሪያ ከኋላችሁ ያለውን ያሳያሉ። ካሜራው ወደ መስኮቱ ዞሮ ሳለ የጠፋው ቴሌቪዥን ውስጥ ከሶፋው በላይ የተሰቀለው የባለቤቱ ፎቶ ሊታይ ይችላል፤ ትልቅ ስክሪን ላይ ደግሞ ጎልቶ ይወጣል።

ጽዳቱ ሁለት ዙር ይፈልጋል። መጀመሪያ በዓይን። ሁለተኛውን ዙር ቤቱን አይቶ የማያውቅ ሰው በስልክ ካሜራ እያቀረበ ይየው። ባለቤቱ ራሱ «ጨርሻለሁ፣ ሁሉንም አንሥቻለሁ» ቢላችሁ አትመኑት። ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ሰው የገዛ ቤቱን በባዕድ ዓይን ማየት አይችልም፤ ለ10 ዓመት በአጠገቡ ያለፈውን ነገር ከግድግዳው ለይቶ አያየውም።

የፍንጭ መሰላል

እዚህ ላይ ለአፍታ ቆም እንበል፤ ጨዋታው ያለው እዚህ ነውና።

ፍንጮች ሦስት ዓይነት ናቸው። ሰፊው ፍንጭ ስለ ሰውየው ይናገራል እንጂ ስለ ዝናው አይናገርም፦ ቁመት፣ ዕድሜ፣ ልጆች፣ ጠዋት ተነሺ መሆን። ጠባቡ ፍንጭ የሙያውን መስክ ይጠቁማል። ቁልፉ ፍንጭ ብቻውን ምንም የማይል፣ ከቀደሙት ጋር ሲገጥም ግን ስሙን የሚያመጣ ነው። የብዙ ጀማሪ ስሕተት በጠባቡ መጀመር ነው። የመጀመሪያው ዕቃ ጊታር ከሆነ ገማቾቹ የዘፋኞችን ስም መዘርዘር ይጀምራሉ፤ ከዚያ በኋላ ምንም ብታሳዩዋቸው ከጊታሩ ጋር ለማስማማት ነው የሚጥሩት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባለቤቱ ድሮ ስመ ጥር በረኛ የነበረ፣ ዛሬ የምግብ ዝግጅት ፕሮግራም የሚመራ ሰው ነው እንበል። ሁለት ሕይወት ያለው ሰው ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረ ነው። መሰላሉ እንዲህ ሊሠራ ይችላል፦

1. መግቢያው ላይ የኮት መስቀያ። መስቀያው ከወለሉ ሁለት ሜትር ላይ ተመትቷል፤ አስጎብኚው እጁን ዘርግቶ በጣቱ ጫፍ ብቻ ይነካዋል። ሰውየው ረጅም ነው።
2. ሳሎን። ወንበሮቹ ሁሉ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ዝቅ ያለ ሶፋ የለም። መቀመጥና መነሣት የሚያስቸግረው ጉልበት አለ ማለት ነው።
3. ፒያኖ። የሴት ልጁ ነው። እውነተኛ ዕቃ ነው፤ ግን ገማቾቹን ወደ ሙዚቃ ይወስዳቸዋል።
4. ማድ ቤት። አንዱ ምድጃ እንደማንኛውም ቤት ግድግዳ ተጠግቷል። ሌላው መሀል ላይ ለብቻው ቆሟል፤ ከሱ በላይ ጣራው ላይ የመብራት ማንጠልጠያ ሀዲድ አለ። ለቤተሰብ ምግብ የሚሠራ ሰው ይህ ሁሉ መብራት ምን ያደርግለታል?
5. መሳቢያ። ሹካና ማንኪያ መካከል ስድስት ጥቅል ጠባብ ነጭ ፕላስተር። ቁስል ላይ የሚደረገው ዓይነት አይደለም፤ ጣት ማሰሪያው ነው።
6. ኩባያዎች። ጆሯቸው በሙሉ ሰፊ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተሰበረ ጣት በጠባቡ አይገባም።
7. ጓሮ። ሣሩ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ፣ በሁለት የአበባ ማሰሮዎች መካከል፣ ተመልጦ አፈር ወጥቶታል።

ሰባተኛው ብቻውን ቢታይ ውሻ የሚቆፍርበት ቦታ ነው። ከቁመቱ፣ ከጉልበቱ፣ ከጣቱና ከፕላስተሩ በኋላ ሲመጣ ግን የጎል አፍ ነው። መብራቱ ደግሞ የትኛው በረኛ እንደሆነ ይለያል። ፍንጭ የሚመረጠው እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ደካማ ይሁን፤ ሲሰበሰቡ ግን አንድ ሰው ብቻ ይውጣ።

ፒያኖው አንድ ሕግ ያስታውሰናል፦ እውነተኛ ዕቃ ቢያሳስት ደግ ነው፤ ዕቃ ከውጭ አምጥቶ ማስቀመጥ ግን ማጭበርበር ነው። ገማቹ የሚሟገተው ያየው ሁሉ የቤቱ እንደሆነ አምኖ ነው። መልሱ ሲገለጥ ባለቤቱ «ይህማ የኔ አይደለም» ካለ ጨዋታው በሙሉ ይፈርሳል፤ ቀጣዩን ዙርም የሚያምን አይኖርም። ግድግዳው ላይ ከውጭ የመጣ ሥዕል የማይሰቀለው ለዚህ ነው። አሳሳች ዕቃ በአንድ ዙር ከአንድ አይብለጥ፤ ሁለት ሲሆን ገማቾቹ ጨርሶ መንገድ ይስታሉ።

መሰላሉ ሲያልቅ ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ይዛችሁ መልሱን ለማያውቁ ሦስት ሰዎች አሳዩና የሚሉትን እየጻፋችሁ እዩ። ሁለቱ ከአራተኛው ፍንጭ በፊት ስሙን ከጠሩ ጠባቦቹን ወደ ታች አውርዱ፤ አንዱንም አስወጡ። እስከ መጨረሻው ማንም መስኩን እንኳ ካላገኘ ቁልፉ ደካማ ነው። ጥሩው ሚዛን መስኩ አምስተኛው ፍንጭ አካባቢ ሲነቃ፣ ስሙ ደግሞ በስቱዲዮው ክርክር ጊዜ ሲወጣ ነው።

ቀረጻው

ያለቀው ፊልም ከ2 ደቂቃ ተኩል እስከ 3 ደቂቃ ተኩል ይሁን። ለዚህ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ቀረጻ ይበቃል። እያንዳንዱ ፍንጭ ስክሪን ላይ ቢያንስ 4 ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ይቆይ፤ ከዚያ ባነሰ ገማቹ አይቶታል እንጂ አላስተዋለውም። አሳሳቹን ዕቃ ከሌሎቹ ረዘም አድርጎ ማሳየትም አግባብ አይደለም፤ ሁሉም እኩል ጊዜ ያግኝ።

ክፍሉን ለማሳየት ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ግን ከመጠን ሲሰፋ ጠባቧን ክፍል አዳራሽ ያስመስላታል፤ ገማቹም ባለቤቱን ከሆነው በላይ ሀብታም ያደርገዋል። 24 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው ይበቃል። መጠን ፍንጭ የሆነበት ዕቃ ላይ፣ ለምሳሌ መስቀያው ላይ፣ የአስጎብኚው እጅ አብሮ ይታይ፤ ከሰው ጋር ካልታየ ትልቅና ትንሽ አይለይም።

የቤት መብራት በካሜራ ሲታይ ብልጭ ድርግም ካለ ምክንያቱ የመብራት ኃይሉ ምት ነው። የኤሌክትሪኩ ፍሪኩዌንሲ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ሹተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) በሰከንድ 1/50 ወይም 1/100፣ 60 በሆነበት 1/60 ወይም 1/120 ላይ አድርጉት። ካሜራውን በራሱ እንዲመርጥ ከተዋችሁት ከክፍል ክፍል ይቀያይረዋል።

ድምፅ ላይ ትልቁ ጠላት ማቀዝቀዣው ነው። በቀረጻው መካከል ይነሣና ያጉረመርማል፤ ኤዲት ላይ ሁለት ቁራጭ ሲገጣጠም ድምፁ ድንገት ይመጣል፤ ድንገት ይጠፋል። አጥፉት፤ የመኪናችሁን ቁልፍ ደግሞ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጡት። ቁልፉ ሳይወጣ መኪናው አይነሣም፤ ማቀዝቀዣው ሳይበራ ደግሞ ከዚያ ቤት አትወጡም። የድምፅ ባለሙያዎች የኖሩበት ዘዴ ነው፤ የሰው ሥጋና ወተት ተበላሽቶ ከመጣላት ያድናል። ከየክፍሉ ሳትወጡ ማንም ሳይናገር ሳይንቀሳቀስ 30 ሰከንድ የክፍሉን ዝምታ ቅረጹ፤ የተቆረጠውን ንግግር የምትደፍኑት በዚያ ነው።

የአስጎብኚው አፍ

አስጎብኚው ዕቃውን ይገልጻል፤ ሙያውን አይጠራም። «ይህ ምድጃ ብቻውን ቆሟል፤ ብርሃንም አልተነፈገም» ማለት ይችላል። «የምግብ ባለሙያ ምድጃ» ካለ አበቃ። ንግግሩ ተጽፎ፣ ከመቀረጹ በፊት መልሱን በማያውቅ ሰው ፊት ይነበብ። በዚያ ሰው ፊት ላይ ድንገት ፈገግታ ካያችሁ ያ ዓረፍተ ነገር ይውጣ።

በአማርኛ ስትሠሩት አንድ የተለየ ወጥመድ አለ፤ ግሣችን ጾታ ይናገራል። አስጎብኚው «ጠዋት ተነሥቶ እዚህ ይቀመጣል» ሲል ወንድነቱን አወጣ፤ «ትቀመጣለች» ካለም ያው ነው። ከገማቾቹ ሥራ ግማሹን በአንድ ቃል ሠራላቸው። መፍትሔው በእጃችን ነው፦ አንቱታ። «እዚህ ይቀመጣሉ»፣ «ቡናቸውን በዚህ ኩባያ ነው የሚጠጡት»፣ «እንዲህ ባለ ቤት የሚኖሩት ማን ናቸው?» ሲባል ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁኑ ባልና ሚስት አይለይም። ግን በየዙሩ፣ ለ22 ዓመቱ ዘፋኝም ለ70 ዓመቷ ተዋናይት፣ ሳይቀያየር አንቱ ይባል። አንዱን ዙር «እርሳቸው» ሌላውን «እሱ» ካላችሁ አንቱታው ራሱ የዕድሜ ፍንጭ ይሆናል። ሌላው ዘዴ ቤቱን ባለ ድርጊት ማድረግ ነው፦ «ይህ ቤት ብርሃን ይወዳል»፣ «ይህ ቤት እንግዳ ይበዛበታል»። የስቱዲዮው መሪም ሲመልስ በዚሁ ይጽና። ፊልሙ ላይ ተጠንቅቆ ስቱዲዮ ላይ «አይ፣ ዘፋኝ አይደለችም» ብሎ የሚያፈርሰው መሪው ነው።

ስቱዲዮው

ለአንድ ዙር 14 ደቂቃ ያህል አስቡ፦ ፊልሙ 3፣ ነጻ ክርክሩ 4፣ ጥያቄው 3፣ ባለቤቱ ከወጣ በኋላ ያለው ጨዋታ 4። ሁለት ዙር ከመግቢያና ከመዝጊያ ጋር የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ይሞላል። ሦስተኛ ዙር ለመጨመር ከተሞከረ የሚጎዳው የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ያ ደግሞ ተመልካቹ የጠበቀው ነው።

ገማቾቹ ሦስት ቢሆኑ ይመረጣል፤ አንዱ ስለ ስፖርት፣ አንዱ ስለ ጥበብ ሰዎች፣ ሌላው ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚያውቅ። ሁሉም የአንድ መስክ ሰዎች ከሆኑ ወይ በአንድ ደቂቃ ያገኙታል ወይ ጨርሶ አያገኙትም። በነጻው ክርክር ጊዜ መሪው ዝም ይበል። ሰዎች ስለማያውቁት ሰው ፍራሽና መጋረጃ ሲከራከሩ የሚወጣው ነገር ከማንኛውም የተጻፈ ቀልድ ይበልጣል።

ከዚያ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚያስብሉ 10 ጥያቄዎች ይፈቀዱ። በሒሳብ 10 እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ግማሽ ግማሹን እየጣሉ ከ1,024 ሰዎች መካከል አንዱን ሊለዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ በደንብ ለሚጠይቅ ከበቂ በላይ ነው። መሪው ካርዱ ላይ የሚመጡ ጥያቄዎችንና መልሳቸውን ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ ቀድሞ ይጻፍ። ጭቅጭቅ የሚነሣው በድንበሩ ላይ ነው፦ አንድ ፊልም ላይ ብቻ የታየ ዘፋኝ «ተዋናይ ናቸው?» ሲባል ምን ይመለስ? «አዎ» ያሳስታል፤ «አይደለም» ሐሰት ነው። «ይታወቃሉ፤ ግን በዚያ አይደለም» የሚል ሦስተኛ መልስ ይዘጋጅ፤ ለሁሉም ዙር በእኩል ይሥራ።

ነጥብ መስጠት ከፈለጋችሁ ጥያቄ ሳይጠይቁ ላገኙት 10፣ ከዚያ በየጥያቄው አንድ እየቀነሰ ይሂድ። የተሳሳተ ስም ለጠራ ቅጣት አትጣሉ፤ ቅጣት ካለ ገማቹ አፉን ይይዛል፤ ጨዋታው ያለ ወሬ አይሆንም።

ባለቤቱን መደበቅ ቀላል ይመስላል፤ በዕለቱ ግን የሚያመልጠው እዚህ ነው። በሌላ በር ይግባ፤ ገማቾቹ ሜካፕ ከመሠራታቸው ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይድረስ፤ መኪናው ከግቢ አይታይ። የክፍሉ በር ላይ ስሙ አይለጠፍ። የገማቾቹን ስልክ ሰብስቡ፤ የፕሮግራሙን ቅደም ተከተል የያዘው ወረቀት ላይም በስም ፈንታ «እንግዳ 1» ተብሎ ይጻፍ። ምስጢር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ከቀረ ወረቀት ነው።

ተመልካቹስ አስቀድሞ ይወቅ ወይስ አብሮ ይገምት? ሁለቱም ይሠራል። አብሮ ሲገምት ይጓጓል፤ አስቀድሞ ሲያውቅ በገማቾቹ ስሕተት ይስቃል። ገማቾቻችሁ ቀልደኞች ከሆኑ መልሱን ለተመልካቹ ቀድማችሁ ስጡት። ካልሆኑ ደብቁት፤ አለዚያ የሚቀረው ሰዎች ሲቸገሩ ማየት ብቻ ነው።

ገማች ሆነው ለሚቀርቡ

ውድ ዕቃ አትቁጠሩ፤ ገንዘብ ሙያ አይናገርም። የተጎዳውን ዕቃ ፈልጉ። የወንበሩ አንድ እጀታ ብቻ ከተበላ፣ ከሦስት ጊታር ሁለቱ አቧራ ለብሰው አንዱ ካበራ፣ ከ50 መጻሕፍት የአምስቱ ጀርባ ብቻ ከተሸበሸበ፣ ሰውየው ያለው እዚያ ነው። የመስተዋትና የመደርደሪያ ከፍታ ቁመት ይናገራል። የሌለውም ነገር ያወራል፦ ማድ ቤቱ ንጹሕ ሆኖ የሚወጣ ድስት ከሌለ ቤቱ የሚያድርበት እንጂ የሚኖርበት አይደለም፤ ብዙ የሚጓዝ ሰው ይሆናል።

ዋንጫ ካያችሁ ቶሎ አትዝለሉ። የሚስቱ ወይም የልጁ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ የተቀረጸበት ቢሆን ኖሮ በጽዳት ጊዜ ይነሣ ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጠ ዋንጫ ብዙ ጊዜ አሳሳቹ ዕቃ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ በስም አታባክኑት። «አሁንም በሥራቸው ላይ ናቸው?»፣ «የሚታወቁት በሰውነታቸው ጉልበት ነው?» የሚሉት በአንድ ምት ግማሹን ያስወጣሉ። «እገሌ ናቸው?» የሚለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስወጣው።

ሲበላሽ

ፊልሙ ሳያልቅ ስሙን የጠራ ገማች ካለ መሪው ፊቱን ሳይለውጥ «ምክንያትህን ንገረን» ይበለው። ሌሎቹ ስለማያምኑት ክርክሩ ይቀጥላል፤ ትክክለኛው መልስ ከብዙ ስሕተት መካከል ተቀላቅሎ ይደበቃል። ማንም ካልደረሰበት ባለቤቱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ድምፁ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ድምፁ የማይታወቅ ሰው ከሆነ እጁን ብቻ ያውጣ፤ ለበረኛችን ይህ ከበቂም በላይ ነው።

ባለቤቱ መድረክ ላይ ቅር ሲለው የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ገማቹ ስለ ቤቱ «ጣዕም የለውም» ዓይነት ነገር ሲናገር ነው። የተባለውን ሁሉ በማሳያ ሲሰማ ስለቆየ ፈገግ ብሎ አይወጣም። ስለዚህ ከመቀረጹ በፊት ለሁለቱም ወገን ንገሩ፦ ገማቾቹ እንደሚሰሙ፣ ባለቤቱም ሲወጣ መጀመሪያ የመመለስ ዕድል እንዳለው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ አሳሳቹ ዕቃ ይሁን። ፒያኖው የማን እንደሆነ ሲናገር ሁሉም ይስቃል፤ ወሬውም ይፈታል።

የቀረጻው ዕለት ማታ ቤቱ ውስጥ የሚቀር ሥራ አለ። ከጽዳቱ በፊት ያነሣችኋቸውን ፎቶዎች እያያችሁ ካርቶኖቹን በየክፍላቸው ፍቱ፤ መደርደሪያውን ከፎቶው ጋር አስተያዩ። ባለቤቱን ክፍል በክፍል ይዛችሁ ዙሩ፤ ሁሉም በቦታው መሆኑን አይቶ ዝርዝሩ ላይ ይፈርም። ከዚያ ማቀዝቀዣውን አብሩና ቁልፋችሁን አውጡ።